ወርቅህ ፈሳሹ ውስጥ የለም

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ከ120 ገደማ አሮጌ የኮምፒውተር ራሞች (የማስታወሻ ካርዶች) ላይ የቆረጥኩትን ወርቃማ ጥርስ፣ ማለትም ወርቅ ቅብ ማገናኛ ጠርዙንና 400 ግራም የሚሆን ወርቅ ቅብ ፒን አንድ ላይ አድርጌ አኳ ሬጂያ ውስጥ ከተትኩት። ብዙዎቹ ፒኖች መበየጃ ሊድ ነበረባቸው። ቡናማ ጭስ እያወጣ ፈላ። ከዚያ ፈሳሹ ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። መፍላቱ ሲቆም ፈሳሹን ወደ ሌላ ዕቃ ገለበጥኩት። ከታች ያልሟሙ ፒኖችና ግራጫ ጭቃ የመሰለ ነገር ቀረ። ወርቁን እንዲያወርድልኝ ፈሳሹ ላይ ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ብጨምርበት ነጭ ዱቄት ወረደ እንጂ ወርቅ የሚመስል ነገር የለም። አንድ ቪዲዮ ላይ ከዚህ ካነሰ ዕቃ 10 ግራም ሲወጣ አይቻለሁ። ወርቄ የት ገባ? ሜታባይሰልፋይቱን ልጨምርበት?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትጨምርበት። ምንም ነገርም እንዳትደፋ። በተለይ ያንን ግራጫ ጭቃ። ወርቅህ ያለው እዚያ ውስጥ ነው ብዬ እገምታለሁ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ከጥያቄህ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ልምዘዝልህ፦ «ከታች ያልሟሙ ፒኖች ቀረ» ብለሃል። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ላይ ነው።

አኳ ሬጂያ ማለት ሃይድሮክሎሪክና ናይትሪክ አሲድ በአንድ ላይ ነው። ወርቅን ያሟሟል፣ እውነት ነው። ግን ወርቅን ብቻ መርጦ አያሟሟም። መዳቡንም፣ ኒኬሉንም፣ ዚንኩንም፣ ብረቱንም ይበላል። አንተ ዕቃ ውስጥ ደግሞ ወርቁ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ የቀረው ሌላ ነው። ስለዚህ አሲድህ ጉልበቱን የጨረሰው መዳብ በመብላት ነው።

መሃል ላይ ትንሽ ወርቅ ሳይሟሟ አልቀረም። ግን የሟሟ ወርቅ ያልሟሟ መዳብ ካገኘ አብሮ አይቀመጥም። መዳቡ ወደ ፈሳሹ ይገባል፣ ወርቁ ወንበሩን ለቆ ይወጣል። ሲወጣም የሚያብረቀርቅ ሆኖ አይደለም። ጥቁር ወይም ቡናማ ብናኝ ሆኖ ፒኑ ላይ ይለጠፋል፣ ወይም ከታች ይዘቅጣል። አንተ እሱን ጭቃ ብለህ ትተህ አረንጓዴውን ውሃ ይዘህ ሄድክ።

እኔ የምይዘው መመሪያ ቀላል ነው። ዕቃው ውስጥ ያልሟሟ መዳብ ወይም ሌላ ብረት ነክ ነገር ካለ ወርቁ ከታች ነው። ሁሉም ነገር ሟሙቶ ካለቀ ወርቁ ፈሳሹ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ሲሆን ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሥራ ያጣ ናይትሪክ አሲድ ይተርፋል። ያ ትርፍ ናይትሪክ ሜታባይሰልፋይቱን ይበላዋል። ትንሽ ወርቅ ቢወርድ እንኳ መልሶ ያሟሟዋል። ሰው ሜታባይሰልፋይት በኪሎ የሚጨርሰው እንዲህ ሲሆን ነው።

ነጩ ዱቄትስ? እሱም ብዙ ይናገራል። ሜታባይሰልፋይት አሲድ ሲያገኝ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ይህ ጋዝ ወርቅ ካላገኘ መዳቡን ይይዝና ኩፕረስ ክሎራይድ የሚባል ነጭ ዱቄት ያደርገዋል። ከሊዱ የመጣ ሌድ ክሎራይድ፣ የእርሳስ ጨው ማለት ነው፣ ሊሆንም ይችላል፤ እሱም ነጭ ነው። ለመለየት ትንሽ ቆንጥረህ ትኩስ ውሃ ውስጥ ጨምር። ከሟሟና ሲቀዘቅዝ እንደ መርፌ ቀጫጭን ሆኖ ከተመለሰ የእርሳስ ነው። ውሃው ካላሟሟው ግን ሃይድሮክሎሪክ ካሟሟው የመዳብ ነው። ሁለቱም ወርቅ አይደሉም። ግን ለጊዜው እነሱንም አትድፋ።

አሁን ግምቴን በዓይንህ አረጋግጥ። ስታነስ ክሎራይድ የሚባል መመርመሪያ ያስፈልግሃል። ንጹሕ ቲን፣ በአማርኛው ቆርቆሮ የምንለው ንጥረ ነገር፣ ሞቅ ባለ ሃይድሮክሎሪክ ውስጥ ስታሟሟው የምታገኘው ነው። ከፈሳሽህ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ አድርግ፤ ከመመርመሪያው አንድ ጠብታ ጨምርበት። ወርቅ ካለ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ጥቁር የሚያደላ ሐምራዊ ይሆናል። ይህ ቀለም «የካሲየስ ሐምራዊ» ይባላል፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው ከአንድሪያስ ካሲየስ ጋር ስሙ ተያይዞ ቀርቷል። ወርቁ በጣም ትንሽ ቢሆንም ይታያል። ቀለሙ ብቅ ብሎ ወዲያው ከጠፋ ትርፍ ናይትሪክ አለ ማለት ነው።

ይቺ መመርመሪያ ግን ታረጃለች። አየር ያበላሻታል። ጀማሪ ሳለሁ ከወራት በፊት በሠራኋት መርምሬ «የለም» አለችኝ። እኔም አምኜ ፈሳሹን የተረፈ አሲድ ወደማጠራቅምበት ባልዲ ገለበጥኩት። ደግነቱ ባልዲው ውስጥ ሁሌም የመዳብ ቁራጭ አስቀምጥ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ባልዲውን ሳጸዳ ከታች ያገኘሁት ጥቁር ዱቄት ያ «የለም» የተባለው ወርቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አልረሳም። ጠርሙሷ ውስጥ ትንሽ የቲን ቁራጭ እተዋለሁ፣ ዕድሜዋን ያረዝማል። ሌላው፣ ወርቅ እንዳለበት በማውቀው ፈሳሽ ሳልሞክራት ቃሏን አላምንም።

እንግዲህ ወደ ማዳኑ እንግባ። የገለበጥከው አረንጓዴ ፈሳሽ ሐምራዊ ካሳየ ወፈር ያለ ንጹሕ የመዳብ ቁራጭ ክተትበትና ተወው። በየጊዜው አማስለው። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ መመርመሪያው «የለም» እስኪል ድረስ። መዳቡ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ የተረፈውን ናይትሪክ ይጨርሳል፣ ወርቁንም ያወርዳል። ይህ ሲሆን ቡናማው ጭስ እንደገና ሊወጣ ስለሚችል ደጅ ይሁን። ከታች የሚዘቅጠውን ከጭቃው ጋር ቀላቅለው። ምንም ካላሳየ ደግሞ ፈሳሹ ላይ ጊዜ አታጥፋ።

አሁን ጭቃው። መጀመሪያ ያልሟሙትን ፒኖች እዚያው ዕቃ ውስጥ በጥቂት ሃይድሮክሎሪክ እያለቀለቅክ የለጠፉትን ብናኝ አራግፍ። ወርቅ ገና በላያቸው ያለባቸውን ለይተህ አቆይ፤ ኋላ የምነግርህ መንገድ ይጠብቃቸዋል። ጭቃውን ሞቅ ባለ ሃይድሮክሎሪክ እጠበው። ነጩ የመዳብ ዱቄት ይሟሟል። አስቀምጠው፣ ይዝቀጥ፣ ከላይ ያለውን ቀስ ብለህ ቅዳ። ቀጥሎ በፈላ ውሃ እጠበው፤ የእርሳሱ ነጭ ይሄዳል። ውሃው ሳይቀዘቅዝ ቅዳው፣ አለዚያ ተመልሶ ይረጋል። ይህን አንዴ ሳይሆን አራት አምስት ጊዜ አድርገው።

እዚህ ላይ አንድ ጠላት ያጋጥምሃል ብዬ እፈራለሁ። ጠጋኞች «ሊድ» የምንለው መበየጃ ስሙ እርሳስ ይሁን እንጂ አብዛኛው ቲን ነው። በድሮው ዓይነት 63 በመቶው ቲን፣ 37 በመቶው እርሳስ ነው። በአዲሶቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቲን ነው። ቲን ከናይትሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ ሜታስታኒክ አሲድ የሚባል ነጭ ዝልግልግ ነገር ይሆናል። ሙጫ በለው። ማጣሪያ ወረቀት ይደፍናል፤ አንድ ብርጭቆ ፈሳሽ ለማጣራት ሁለት ቀን ትቀመጣለህ። ይባስ ብሎ የወርቁን ብናኝ እሆዱ ውስጥ ይደብቃል። ግራጫ ያልከው ጭቃ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሙጫውን ከማጣራት ጋር አትታገል። ማሸነፍ ያለብህ በእሳት ነው። ጭቃውን በደንብ አጥበህ፣ አድርቀህ፣ ሙቀት በሚችል ዕቃ ላይ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን ድረስ ደጅ አግለው። ሙጫው ይደርቅና እንደ አሸዋ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በማጣሪያ ያልፋል። ግን መጀመሪያ ማጠቡን እንዳትዘነጋ። የወርቅ ክሎራይድ የያዘ ነገር ሳይታጠብ እሳት ላይ ከወጣ ወርቁ ከጭሱ ጋር አብሮ ይሄዳል። ይህ የሰው ተረት አይደለም፣ የሚሆን ነገር ነው።

ከእሳት ከወጣ በኋላ እንደገና በሞቀ ሃይድሮክሎሪክ እጠበውና፣ አሁን ብቻ፣ ወርቁን አሟሟ። ስንት አሲድ ያስፈልጋል መሰለህ? ለ1 ግራም ወርቅ 4 ሚሊ ሊትር ገደማ ሃይድሮክሎሪክና 1 ሚሊ ሊትር ገደማ ናይትሪክ። ሁለት ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ናይትሪኩን በጠብታ ጨምር፤ አንድ ጊዜ ጨምረህ ጠብቅ፣ ሥራው ሲቆም ሌላ ጠብታ። ትርፍ ናይትሪክ ካልፈጠርክ ትርፍ ናይትሪክ ማስወገድ አይጠበቅብህም። ምናልባት ካለፈብህ ሰልፋሚክ አሲድ ሞቅ ባለው ፈሳሽ ላይ ቆንጠር ቆንጠር እያደረግክ ጨምር። አረፋ ማውጣቱን ሲያቆም ናይትሪኩ አለቀ። ሰልፋሚኩ ሲሠራ ሰልፈሪክ አሲድ ስለሚሆን የተረፈውን እርሳስም ያወርድልሃል። ከዚያ አቀዝቅዘህ አጣራ። የጠራ ወርቅማ ቢጫ ፈሳሽ ነው የምትፈልገው። አረንጓዴ ከሆነ አሁንም መዳብ አለ፤ ችግር የለውም፣ ግን መጨረሻ ላይ ማጠቡን ማብዛት አለብህ።

ሜታባይሰልፋይቱን የምታመጣው እዚህ ላይ ነው። ለ1 ግራም ወርቅ ከ1 ግራም ትንሽ ለቀቅ ያለ፣ በውሃ አሟሙተህ፣ በዝግታ። ፈሳሹ ይደፈርሳል፤ ከዚያ የሸክላ አፈር የመሰለ ቡናማ ዱቄት ይወርዳል። ያ ነው። ሰው ሁሉ ቢጫ ሲጠብቅ ቡናማ ያይና ይደነግጣል። ስታቀልጠው ነው ቢጫ የሚሆነው። አንድ ሌሊት አሳድረው፣ ፈሳሹን በስታነስ መርምር፣ «የለም» ካለ ብቻ ቅዳው።

ጠፋ ብለህ አትጨነቅ። ወርቅ በአሲድ ውስጥ መልኩን ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። በ1940 ጀርመኖች ኮፐንሃገን ሲገቡ ጆርጅ ደ ሄቬሲ የተባለው ኬሚስት በኒልስ ቦር ተቋም ውስጥ ይሠራ ነበር። የፊዚክስ ሊቃውንቱ የማክስ ፎን ላውና የጄምስ ፍራንክ የኖቤል ሜዳሊያዎች እዚያ ተደብቀው ነበር። ስማቸው ተቀርጾበት ስለነበር ቢገኙ በተለይ ጀርመን ውስጥ የነበረው ላው አደጋ ላይ ይወድቅ ነበር። ሄቬሲ ሁለቱንም አኳ ሬጂያ ውስጥ አሟሟቸው። ጠርሙሱ መደርደሪያ ላይ ቀረ። ወታደሮቹ ተቋሙን ቢበረብሩም ማንም ልብ አላለውም። ከጦርነቱ በኋላ ወርቁ ከፈሳሹ ወጣ፣ የኖቤል ፋውንዴሽንም ሜዳሊያዎቹን እንደገና አሠራቸው። ሰውየው ግን ከአንተ የተሻለ ዕድል ነበረው፤ ሜዳሊያው ውስጥ ሊድ አልነበረም።

አሁን ስለ 10 ግራሙ እናውራ። ይህን የምልህ ተስፋ ላስቆርጥህ አይደለም። ቪዲዮው ላይ የታየው ወይ ሌላ ዕቃ ተጨምሮበታል፣ ወይ የድሮ ወፍራም ልባጥ ያለው የጦር መሣሪያ ወይም የመገናኛ ዕቃ ነው፣ ወይ ደግሞ በቃ ውሸት ነው። ሂሳቡን ራስህ ሥራው። ወርቅ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 19.3 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቦታ በ1 ማይክሮን ውፍረት ከተለበጠ ያለበት ወርቅ ወደ 2 ሚሊ ግራም ነው። ማይክሮን ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው።

አንድ ራም 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ጥርሱ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍታ አለው፣ በሁለቱም ፊት። በጥርሶቹ መሃል ያለውን ክፍተት ስትቀንስ 4.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ወርቅ ይቀርሃል። ልባጡ ግማሽ ማይክሮን ከሆነ 4.5 ሚሊ ግራም ያህል ነው። 120 ራም ስንት መጣ? ግማሽ ግራም እና ትንሽ። ልባጡ ወፈር ካለልህ 0.8 ግራም ሊጠጋ ይችላል።

ፒኖቹም እንደዚያው ናቸው። ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩ ዋና ቦርድ) ላይ የቆሙት ተራ ፒኖች እያንዳንዳቸው 0.04 ግራም ገደማ ይመዝናሉ። 400 ግራም ማለት 10,000 ያህል ፒን ነው። ብዙ ይመስላል። ግን ልባጣቸው 0.1 ማይክሮን ብቻ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ቢለበጡም ከ0.6 ግራም አይበልጡም። ብዙ ፒን ደግሞ የሚለበጠው ጫፉ ብቻ ነው። ስለዚህ አንተ ከሁሉም 1 ግራም ብታገኝ ጥሩ ሠርተሃል። 1.3 ብታገኝ እኔ ራሴ እደነቃለሁ።

በዓይን እንዲታይህ፦ በ0.75 ማይክሮን የተለበጠ ነገር ላይ 1 ግራም ወርቅ ከአንድ ኤ4 ወረቀት ገጽ ትንሽ የሚበልጥ ስፋት ይሸፍናል። በ0.05 ማይክሮን ከሆነ፣ ማለትም ቦርዱ ራሱ ላይ የምናየው ስስ ቅብ ከሆነ፣ ያው 1 ግራም አንድ ካሬ ሜትር ይሸፍናል። የኤ4 ወረቀት 16 ቅጠል ማለት ነው። ሁለቱም ለዓይን እኩል ያብረቀርቃሉ። ዓይን ውፍረት አያይም። ለዚህ ነው ሰው በቀለም የሚታለለው።

ለቶኪዮ 2020 ኦሎምፒክ ሜዳሊያዎች ጃፓን 78,985 ቶን ትናንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችና 6.21 ሚሊዮን ያህል ሞባይል ሰብስባ ነበር። የወጣው ወርቅ 32 ኪሎ ነው። ዕቃው ሁሉ ወርቅ የበዛበት አልነበረም፣ ልክ ነው። ግን ሚዛኑን ያሳይሃል።

ወደ ቀጣዩ ዙር ልውሰድህ፤ ለይተህ ያቆየሃቸው ፒኖችም እዚህ ይገባሉ። ዋናው ስህተትህ ከወርቁ መጀመርህ ነው። ወርቁን መጨረሻ ላይ ብቻ ነው የምትነካው። መጀመሪያ የሚሄደው ከሥሩ ያለው ነው። የተለበጠ ዕቃ ሦስት ንብርብር አለው፤ ከታች መዳብ፣ መሃል ጥቂት ማይክሮን ኒኬል፣ ከላይ ወርቅ። ኒኬሉ የተደረገው መዳቡ ቀስ በቀስ ወደ ወርቁ ሰርጎ እንዳይገባ ነው። መዳብና ኒኬሉን የሚበላ፣ ወርቁን የማይነካ ፈሳሽ ካገኘህ ወርቁ እንደ ተላጠ ቅርፊት ተንሳፎ ይቀርልሃል።

ያ ፈሳሽ አለ፣ ርካሽም ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ትንሽ፣ ደግሜ ትንሽ፣ 3 በመቶው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ። ፐርኦክሳይዱ የሚያስፈልገው ለማስነሳት ብቻ ነው። ጥቂት መዳብ ሲሟሟ መዳብ ክሎራይድ ይፈጠራል፤ ከዚያ በኋላ መዳቡን የሚበላው ራሱ መዳብ ክሎራይዱ ነው። ሲደክም ደግሞ አየር ያድሰዋል። የዓሣ ገንዳ ላይ የምትገባዋን ትንሽ የአየር ፓምፕ ቱቦዋን ክተትበት፣ አየር ትንፋበት። ጥሩ አረንጓዴ ከሆነ ይሠራል። ወደ ጥቁር ቡናማ ከሄደ አየር አጥሮታል። ፐርኦክሳይድ ብታበዛ ይፈጥናል፣ ግን ወርቁንም ማሟሟት ይጀምራል። ከዚያ ወርቁ መዳቡ ላይ ተመልሶ ብናኝ ይሆናል፣ ቅርፊት ሳይሆን። ያው አሁን የገባህበት ጉድ።

ጊዜ ይፈልጋል። ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ትዕግሥት የሌለው ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም ማለቴ አይደለም፤ ግን ብዙ አሲድ ያባክናል።

ቅርፊቱን ስታጣራ መጀመሪያ በውሃ አትጠበው። በቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ እጠበው። ውሃ ከነካው ያ ነጭ የመዳብ ዱቄት እዚያው ይረጋና ወርቁን ይለብሰዋል። ይህቺን አንድ ነገር ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙ ቅዳሜዎቼን አተርፍ ነበር።

አሲድ ከመንካትህ በፊት ደግሞ ለይ። ማግኔት ያዝና በፒኖቹ ላይ አሳልፈው። የሚሳቡትን ለብቻ፤ ብረት ወይም የብረት፣ የኒኬልና የኮባልት ቅይጥ ናቸው፣ ፈሳሽህን ያበላሻሉ። ሊድ ያለበትን ቁረጥና ጣል። መቁረጥ ካልቻልክ መጀመሪያ በሞቀ ሃይድሮክሎሪክ ብቻ፣ ናይትሪክ ሳይነካው፣ ቲኑን አውጣ። የራም ጥርሱን ከቦርዱ ላይ ስትቆርጥ ወደ ጠርዙ ተጠግተህ ቁረጥ። ጥርስንና ፒንን በፍጹም አትቀላቅል። አንዱ ቅርፊት ይሰጥሃል፣ ሌላው ጭቃ። ለፒን ብዙ ባለሙያዎች የሚመርጡት በወፍራም ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ በኤሌክትሪክ ልባጡን ማላጥ ነው። ግን አሁን ባለህበት ደረጃ አልመክርህም። ትኩስ ሰልፈሪክ ቀልድ አያውቅም። ለጊዜው ፒኖቹን በዚያው በሃይድሮክሎሪክና በፐርኦክሳይዱ መንገድ ሥራቸው፤ ይዘገያል እንጂ ይሄዳል።

ንጹሕ ቅርፊት ካገኘህ ለማሟሟት ናይትሪክ እንኳ አያስፈልግህም። ሃይድሮክሎሪክ ላይ በረኪና ጠብ ጠብ ማድረግ ይበቃል፤ ቅርፊቱ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይሟሟል። ትርፉ ክሎሪን ሞቅ ስታደርገው በራሱ ይወጣል፣ ሰልፋሚክም አያሻም። የሚወጣው ግን ክሎሪን ጋዝ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰው የገደሉበት ጋዝ ማለት ነው። ይህን የምትሠራው ደጅ፣ ነፋሱ ከኋላህ እየመጣ፣ ፊትህን ከዕቃው አርቀህ ነው።

ቡናማ ጭስ እያወጣ ፈላ ስትል ግን ደንግጫለሁ። የት ሆነህ ነው የሠራኸው? ያ ጭስ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነው። ተንኮሉ ወዲያው አለማሳየቱ ነው። ትንሽ ያስልሃል፣ ይተውሃል፣ ደህና ነኝ ብለህ ትተኛለህ። ከሰዓታት በኋላ ሳንባ ውሃ ሊሞላ ይችላል። ምናልባት ዛሬም የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት መጨነቅ ካለብህ ይህን ጽሑፍ ትተህ ሐኪም ጋ ሂድ፤ ምን እንደተነፈስክም ንገረው። አቧራ መከላከያ ጨርቅ ለዚህ ጋዝ ምንም አያደርግም። ጓንት፣ ዓይንን ሙሉ የሚከድን መነጽር፣ ዕቃው ቢሰበር የሚይዝ ሰፊ ሳፋ ከሥሩ፣ አጠገብህም ብዙ ውሃ። እነዚህ ከሌሉህ አሲዱን አትክፈተው። ልጅ የሚደርስበት ቦታ ከሆነም እንደዚያው።

ወርቁን ሳያናይድ በሚባለው መርዝ አሟሟው የሚሉህን አትስማ። አሲድ ከምትነካበት ቤት ውስጥ ሳያናይድ ከገባ ሁለቱ አንድ ቀን ይገናኛሉ፤ ሲገናኙ ገዳይ ጋዝ ይወጣል። ሜርኩሪም አያስፈልግህም። ቦርድ አታቃጥል፤ ፕላስቲኩ ውስጥ እሳት እንዳይዘው የተጨመረ ብሮሚን አለ፣ ጭሱ መርዝ ነው። ስፕሪንግ ያላቸውን ጠንካራ የመዳብ ማገናኛዎችም አትሞርድ፣ አትፍጭ፤ አንዳንዶቹ ውስጥ ቤሪሊየም አለ፣ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል።

ቡናማው ዱቄት ሲወርድልህ በሞቀ ሃይድሮክሎሪክ፣ ከዚያ በውሃ፣ እንደገና በሃይድሮክሎሪክ እጠበው። ከላይ ያለው ፈሳሽ ቀለም እስኪያጣ ድረስ። አድርቀህ በማቅለጫ ሸክላ ውስጥ ትንሽ ቦራክስ ጨምረህ አቅልጠው። ወርቅ በ1,064 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው የሚቀልጠው፤ ተራ የቡታጋዝ እሳት ይቸግረዋል። ስትጀምር ነበልባሉን ከሩቅ አምጣ። ዱቄቱ ቀላል ስለሆነ ድንገት ብትነፋበት የሁለት ሳምንት ልፋትህ አየር ላይ ይበተናል። ለ1 ግራም ብሎ ማቅለጥ ካስቸገረህ ደግሞ አታቅልጠው። ዱቄቱን በትንሽ ብልቃጥ አስቀምጥ፣ ቀጣዩ ዙር ሲደርስ አብረህ ታቀልጠዋለህ።

የመጨረሻው ያ አረንጓዴ ፈሳሽ ነው። ቦይ ውስጥ አይደፋም፣ አፈር ላይም አይደፋም። የመዳብ ጨው ውሃ ውስጥ ያለ ነገርን ሁሉ ይገድላል፣ ኒኬሉም አይሻልም። ወርቅ እንደሌለው በስታነስ ካረጋገጥክ በኋላ ባልዲ ውስጥ አድርገህ የመዳብ ቁራጭ ለጥቂት ቀናት ተውበት፤ ያመለጠህ ካለ እዚያ ይቀራል። ከዚያ መዳቡን አውጥተህ አሮጌ ብረት ክተትበት። አሁን ደግሞ የሟሟው መዳብ ወንበሩን ለብረቱ ይለቃል፤ ቀይ ጭቃ ሆኖ ይወርዳል። እሱን ለይ። የቀረውን ፈሳሽ ኖራ ወይም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በዝግታ እየጨመርክ ፒኤቹን፣ የአሲድነት መለኪያውን ማለት ነው፣ ከ9 እስከ 10 አድርሰው። ብረቱና ኒኬሉ ዝቃጭ ሆነው ይወርዳሉ። ዝቃጩን አድርቀህ በደንብ የሚከደን ዕቃ ውስጥ አድርግ፣ ምን እንደሆነ በላዩ ጻፍበት፣ አደገኛ ቆሻሻ ለሚቀበል ክፍል አስረክብ። ከላይ የቀረው ውሃ ጥርት ማለቱ ብቻ አይበቃህም፣ ፒኤቹንም ለካ። ካለፈ ወደ 7 መልሰው። ፒኤች የምታይበትን ወረቀት ከአሲዱ ጋር አብረህ ግዛ።